ሁለተኛውን ጎል ማን ሰማ?

ስልኩ ሲጠራ ቴክኒሻኗ ሱቋ ውስጥ የደንበኛ ሪሞት ፈታታ ትጠግን ነበር። ቁጥሩን ስታይ ፈገግ አለች፤ የጋሽ ድምፁ ቤት ነው። ያ ምስሉን የሚያቆመው ክብ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፣ አሁን ደግሞ የስድብ መዓት ያወርዱብኛል ብላ ለሳቅ እየተዘጋጀች አነሳችው።

የመለሰላት ግን የማታውቀው የሴት ድምፅ ነበር።

«ዛሬ እዚህ ቤት ቴሌቪዥን የሠራሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ… ምነው፣ ተበላሸ እንዴ?»

«ቴሌቪዥኑ ደህና ነው። የቤቱ ባለቤት ግን ሞተዋል። ከፖሊስ ነኝ። መኪና ልኬልሻለሁ፣ ከሱቅሽ እንዳትንቀሳቀሺ።»

ስልኩ ተዘጋ። ቴክኒሻኗ መኪናው መጥቶ ጥሩምባ እስኪነፋ ድረስ በእጇ ያለውን መፍቻ አልለቀቀችውም። መንገድ ላይ ከፊት የተቀመጠውን ፖሊስ «እንዴት ነው የሞቱት?» ብላ ጠየቀችው። ዞር ብሎ አያትና «ስትደርሺ ይነገርሻል» አላት። 

ጋሽ ድምፁ ዕድሜ ልካቸውን በሬዲዮ ኳስ ሲያስተላልፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ የመጣ ነው። ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ከወንበር የማይነሱ ሆነው እንኳ ሥራቸውን አልተዉም፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጭጭ ያደርጉትና ጨዋታውን ራሳቸው ከዳር እስከ ዳር ያስተላልፉታል። ለማን ቢሉ ለግድግዳው። ችግሩ ኳሱ የሚመጣላቸው በኢንተርኔት መሆኑ ነው። ልክ አጥቂው እግሩን ሲያነሳ ምስሉ ድርቅ ይልና መሃሉ ላይ አንዲት ክብ መሽከርከር ትጀምራለች። ያን ጊዜ ጋሽ ድምፁ አፋቸውን እንደከፈቱ ይቀራሉ። ወራት እንዲህ ተቃጥለው በመጨረሻ ቴክኒሻኗን ያስጠሩት ራሳቸው ነበሩ።

ግቢው በር ላይ የተቀበሏት የእህታቸው ባል ናቸው። እኒህን ሰው ሰፈሩ «ጋሽ አይዞን» ይላቸዋል፤ ለለቅሶም ለሠርግም፣ ፈተና ለወደቀ ልጅም ይህች ቃል ከአፋቸው አትጠፋም። አሁንም ዓይናቸው ቀልቶ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞን» አሏት። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

ሳሎኑ እንደተወችው ነበር። ትልቁ ወንበር ፊቱን ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳዞረ ነው፤ ወንበሩ ላይ ያለው ግን በነጭ አንሶላ ተሸፍኗል። ከወንበሩ ኋላ ወለሉ ላይ አንድ ነጭ ኬብል ተጠማዞ ወድቋል። ቴክኒሻኗ ጫፉ ላይ ያለችውን መሰኪያ ከሩቅ ለየቻት፤ የገዛ እጇ ሥራ ናት። ቀና ስትል ቴሌቪዥኑ እንደበራ ነው። አንድ ተጫዋች ኳሱን በሁለት እጁ ይዞ የሜዳው ጥግ ላይ፣ ከባንዲራዋ አጠገብ ቆሟል። ሆዱ ላይ ያቺ ክብ ትሽከረከራለች፤ ትሽከረከራለች።

«ታውቂዋለሽ?» አለች አንዲት ሴት ወደ ኬብሉ እያሳየች።

ኢንስፔክተሯ አጭርና ቀጭን ናት። ጠፍጣፋ ጫማዋንና ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ሹራብ ያየ ሰው ለግድያ ምርመራ ሳይሆን ለወላጆች ስብሰባ የመጣች ይመስለዋል።

«የኔ… የኔ ኬብል ነው።»

«አንገታቸው ላይ የተገኘው እሱ ነው። ገዳዩ ከኋላ መጥቶ ነው ያነቃቸው።»

 ፖሊሱ ወንበር ሳበላት።

«ከግድግዳው ጋር አላያያዝኩትም ነበር» አለች። «የማያያዣ ምስማር አልቆብኝ ነገ መጥቼ እጨርሰዋለሁ ብዬ ነው የሄድኩት። ከኮሪደሩ እስከ ቴሌቪዥኑ ከሳቸው ወንበር ጀርባ እንዲሁ ተዘርግቶ ነበር።»

«መቼ ሄድሽ?»

«እረፍት ላይ። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ‹ሂጂ የኔ ልጅ፣ ሁለተኛውን አጋማሽ ብቻዬን ላጣጥመው› አሉኝ።»

«ማን ሸኘሽ?»

«ማንም።»

«ስትወጪ ያየሽ ሰውስ?»

ቴክኒሻኗ አሰበች። በሩን ራሷ ከፍታ ራሷ ዘግታለች። ታክሲ መጠበቂያው ላይ ከማያውቋት ሰዎች ጋር ተሰልፋ ነበር። የሰው ያለህ ብላ ብትጮህ ማን ይመሰክርላታል?

«ማንም» አለች።

«እሺ። አሁን የሠራሽውን ሁሉ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። የማይረባ ነው ብለሽ የምትዘዪው እንዳይኖር።» ኢንስፔክተሯ ይህን ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ስታዳምጥ እንዲህ ነው ልማዷ።

«ራውተሩ ኮሪደሩ ውስጥ ከብረት ቁምሳጥን ጀርባ ተወሽቆ ነበር። ብረት ደግሞ ዋይፋይ ያፍናል። አውጥቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም። ስለዚህ መስመሩን ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም በስልኬ ገብቼ አየሁ። የሁሉንም ስልክ ለየሁት። አንድ የማላውቀው ነገር ግን አለ፤ ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ይልካል። የቤቱ መስመር ጠባብ ነው፤ ያ ነገር እየጠጣው ለቴሌቪዥኑ ምን ይተርፋል? ለጋሽ ድምፁ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«‹ቁረጪው። ማን እንደሚጮህ እናያለን› አሉኝ።»

ኢንስፔክተሯ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «ማን ጮኸ?»

«ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው ሁሉም ጮኹ። እትዬ ድራማዬ ቆመ ብለው፣ ነርሷ ከእናቴ ጋር እያወራሁ ተቋረጠ ብላ፣ ጋሽ አይዞን ኳሱ ጠፋ ብለው። ሲመለስ እትዬ ሄዱ። ነርሷ የይለፍ ቃሉ ጠፍቶባት ተመለሰች፤ አስገባሁላት። ጋሽ አይዞንም ተመልሰው መጥተው ‹የኔ አልተመለሰም› አሉኝ። ሳየው ኳሱ ስልካቸው ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ‹ይኸው እኮ ጋሼ!› ስላቸው ‹ኦ፣ መጥቷል ለካ› ብለው ስቀው ወጡ። ከዚያ ለቴሌቪዥኑ ኬብሉን አስገባሁለት። ጋሽ ድምፁ ያለ ምንም መቋረጥ ሲያስተላልፉ ብታዩዋቸው… ልጅ ነው የሆኑት።»

እዚህ ላይ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሯ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ያን የማይታወቅ ነገር መልሰሽ መክፈት ትችያለሽ?»

«ከስልኬ ላይ ነው። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ።»

«እስክነግርሽ እንዳትነኪው። ለማንም እንዳትተነፍሺ። ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጪ።»

«ታስሬ ነው?»

ኢንስፔክተሯ በእጇ ወደ ኮሪደሩ አሳየቻት።

ቴክኒሻኗ ከሰቀለችው ራውተር ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። የሳሎኑን በር ሆን ብለው ይሁን ረስተው ገርበብ ትተውታል። ስለዚህ ሁሉን ሰማች።

መጀመሪያ የገቡት የሟች እህት ናቸው። ቤተሰቡ እትዬ ይላቸዋል። ጓሮ ልብስ ሲያሰጡ ነበር።

«ለመጨረሻ ጊዜ ድምፃቸውን የሰሙት መቼ ነው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሁለተኛው ጎል ሲገባ። ወንድሜ እንደ ልማዱ ጮኸ። ባለቤቴም ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ መጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር፤ ኳሱን በስልኩ እያየ። አብረን ሰማነው።» ከዚያ ሳግ ያዛቸው። «በሕይወት ነበር እኮ! አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ቆሜ…»

ቀጥላ ነርሷ ገባች። ጋሽ ድምፁን ልታስታምም በቤቱ የምትኖር ወጣት ናት። ጨዋታው ካለቀ በኋላ መድኃኒታቸውን ይዛ ስትገባ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ነበረች።

«ጠዋት ከሳቸው ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«እኔ አልተጣላሁም። ‹ኳሴን የምትበይብኝ አንቺ ነሽ፣ ቀኑን ሙሉ ከእናትሽ ጋር ቪዲዮ! በቃ፣ ሌላ ሥራ ፈልጊ› ብለው ጮኹብኝ። ሁልጊዜ ይላሉ፣ ሁልጊዜ ይረሱታል።»

«በሁለተኛው አጋማሽ የት ነበርሽ?»

«ክፍሌ። ከእናቴ ጋር ሳወራ ነበር። ግድግዳ ነው የሚለየን፣ ድምፃቸው ይሰማኛል። ‹ኮርና ነው፣ ኳሱን አንስቶ ወደ ጥጉ እየሄደ ነው› አሉና… ዝም አሉ።»

«ዝም ሲሉ ምን አሰብሽ?»

 

«ያ ክብ መጣባቸው ብዬ ነው። ሲቆምባቸው እንዲህ ነው ዝም የሚሉት። ለእናቴ ‹ይኸው፣ ዛሬም ቆመባቸው› ብዬ… ሳቅሁ። እሳቸው እየታነቁ እኔ ሳቅሁ!»

ኮሪደሩ ውስጥ ለቴክኒሻኗ ነገሩ ገባት። ቤቱ ሁሉ ያንን ዝምታ ለምዶታል። ሰው ሲሞት የሚሰማውን ዝምታ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ ብሎ የማያልፍ ማንም አልነበረም።

«የሁለተኛውን ጎል ጩኸትስ?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሁለተኛ ጎል ገብቶ ነበር እንዴ? እኔ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም።»

«ዝም ያሉት ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

«እንጃ። ክፍሌ ውስጥ ሰዓት አለ፣ ጋሽ አይዞን በስጦታ ያመጡልኝ፣ ግን ትክክል ቆጥሮ አያውቅም።»

ቴክኒሻኗ ግራ ገባት። ጓሮ ያሉት ሁለት ሰዎች የሰሙትን ጩኸት፣ በግድግዳ ብቻ የምትለየው ነርስ እንዴት አልሰማችም? ልጅቷ እየዋሸች ይሆን? እሷ ናት እንዳትል ደግሞ ያ ለቅሶ የሐሰት አይመስልም። ለእትዬም ሟቹ ወንድማቸው ናቸው፤ ለምን ይዋሻሉ?

በመጨረሻ ጋሽ አይዞን ገቡ።

«እኔ ሰው ላይ ጣት መቀሰር አልወድም» አሉ በዚያ በለሰለሰ ድምፃቸው። «ልጅቷም ደህና ልጅ ትመስላለች። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ። ሁለተኛው ጎል ገብቶ፣ ጋሽ ድምፁ ጮኾ፣ እኔ ከጓሮ ወደ ፊት ስመጣ ያቺ ቴክኒሻን በግቢው በር ስትወጣ አይቻታለሁ። እየተጣደፈች ነበር።»

ቴክኒሻኗ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሐሰት ነው! ልትጮህ ፈለገች፤ ግን በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ፊቱን ወደሷ አዞረ። ያ ፊት አስቀድሞ እንደተፈረደባት ነገራት። እናቷን አሰበች፣ ሱቋን አሰበች፣ የታችኛውን ፖሊስ ጣቢያ የእስር ክፍል ጠባብ መስኮት አሰበች።

«ኢንተርኔቱ ይህን ያህል ጊዜ ሲያስቸግር ባለሙያ ያልተጠራው ለምንድነው?» አለች ኢንስፔክተሯ፤ እንዲሁ ለወሬ ያህል።

«እኔ ነኝ አያስፈልግም ስል የነበርኩት። ችግሩ የኢንተርኔት ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው፤ ዝናብም ያበላሸዋል። ዛሬ ሳይነግረኝ ነው ያስጠራት።»

ጋሽ አይዞን ሲወጡ አግዳሚው አጠገብ ቆሙ። ፖሊሱ ወደ ሳሎን ዘወር ብሎ ነበር። ጎንበስ አሉና እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ፣ ፊታቸው ላይ ፈገግታው ሳይጠፋ፣ በሹክሹክታ፦

«ምን ነገርሻት?»

«ም… ምንም።»

«ጎበዝ። አይዞሽ። ዝም ካልሽ ማንም አይነካሽም።»

ሄዱ። ቴክኒሻኗ ይህችን ቃል ሲሏት ቅድም ተጽናንታበት ነበር። አሁን ግን ወደ አግዳሚው ጥግ ሸሸች። ሰውየው ያዩትን ሳይሆን ያላዩትን መሰከሩባት። ለምን? መልሱ ከራሷ አፍ የወጣ አንድ ነገር ውስጥ እንዳለ ታውቋታል፣ ግን ፍርሃቱ አላሳስብ አላት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሬሳው ተነሳ፤ ሁሉም ወደ ሳሎን ተጠሩ። ባዶው ወንበር መሃል ላይ ነው፤ ማንም ሊቀመጥበት አልደፈረም። ቴሌቪዥኑ ግን እንደበራ ነው። ኢንስፔክተሯ የቤተሰቡን ስልኮች ሰብስባ ጠረጴዛው ላይ ደረደረችና ለቴክኒሻኗ ብቻ ስልኳን ተወችላት።

«ከቴሌቪዥኑ እንጀምር» አለች። «ኬብሉ ቢነቀል ምስሉ ወዲያው ይቆማል?»

ሁሉም ወደ ቴክኒሻኗ ዞሩ። «ቀድማ ያጠራቀመቻትን ጥቂት ሰከንድ ትጨርስና ትቆማለች» አለች።

«በዋይፋይ አትቀጥልም?»

«አትችልም። ወደ ደካማው ዋይፋይ እንዳትመለስ ብዬ ከቴሌቪዥኑ ላይ አጥፍቼዋለሁ። ያለ ኬብሉ ምንም አይመጣላትም።»

«ገዳዩ ሟቹን ያነቀው ይህንኑ ኬብል ከቴሌቪዥኑ ነቅሎ ነው። ስለዚህ ይህ ምስል የቆመው ጋሽ ድምፁ ሲያዙ ነው። ነርሷም ‹ኮርና› ብለው ዝም አሉ ብላለች፤ ይኸው ተጫዋቹ ኮርና ሊመታ ኳሱን ይዟል። እትዬ፣ ከላይ ጥግ ላይ ያለውን ውጤት ያንብቡልኝ።»

እትዬ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አንድ ለዜሮ።»

«ሁለተኛው ጎል የገባው ከዚህ ኮርና አሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ፖሊሱ ጨዋታውን ተከታትሏል፤ በሥራ ሰዓት ለምን እንደተከታተለ ሌላ ቀን እንነጋገራለን።» ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ ልጠይቅ፦ ይህ ቴሌቪዥን ሁለተኛውን ጎል አላየውም። ጋሽ ድምፁም አላዩትም። ያላዩትን ጎል እንዴት ብለው ጮኹ?»



«ኢንተርኔት እኮ ይዘገያል» አሉ ጋሽ አይዞን ቀስ ብለው። «የኔ ስልክ ይቀድማል፣ የሱ ይከተላል። ግራ መጋባት ይኖራል።»

«ይዘገያል፣ ልክ ነው። የዘገየ ግን ኋላ ይደርሳል። እዚህ ጭራሽ አልደረሰም።» ኢንስፔክተሯ ወደ እህትየው ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ረጋ ብለው ይመልሱልኝ። የወንድምዎን ጩኸት በራስዎ ጆሮ ሰሙት? ወይስ ባለቤትዎ ሰማሁ ሲሉ ሰሙ?»

እትዬ ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ። መልሰው ገጠሙት። ግንባራቸው ተቋጠረ።

«‹ስሚ፣ ወንድምሽ ሲጮህ› አለኝ። እኔ… የሰማሁ መሰለኝ። ሁልጊዜ ይጮሃላ! ጎል ገብቶ ዝም ብሎ ያውቃል?»

«አዩ? ጎሉ ሲገባ ባለቤትዎ አጠገብዎ ነበሩ። ከዚያ በፊት፣ ኮርናው ላይ ግን አልነበሩም። ሟቹ እስከ ጎሉ በሕይወት ከቆዩ እሳቸው ንጹሕ ይሆናሉ። ስለዚህ ለሞተ ሰው ድምፅ ሰጡት። ይህችን ልጅም ቀድማ ከሄደችበት መልሰው ከጎሉ በኋላ በሩ ላይ አቆሟት።»

«ይህ ግምት ነው!» ጋሽ አይዞን ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ምን በድሎኝ እገድለዋለሁ? ወንድሜ ማለት ነው።»

«እሱን የነገረችኝ ሳታውቀው ይህችው ልጅ ናት። ቅድም አንድ የማይታወቅ ነገር ቆርጣ ራውተሩን ስታበራ የሁሉም ሰው መስመር ተመለሰ። እርስዎ ግን ‹የኔ አልተመለሰም› አሉ። ስልክዎ ላይ ኳሱ ጥርት ብሎ እየታየ! እንግዲህ ያልተመለሰልዎት ምን ነበር?» ለመልስ ጊዜ አልሰጠችም። «ልጄ፣ ያን የቆረጥሽውን ነገር አሁን ክፈቺው።»

ቴክኒሻኗ ስልኳን አወጣች። ሁለቴ ሳተች። በሦስተኛው ነካችው።

ምንም አልሆነም። የሰዓቱ ልክ ባይታወቅም ዘመን የሚያህል መሰላት። ተሳስቼ ቢሆንስ? ኢንስፔክተሯ ተሳስታ ቢሆንስ? የጋሽ አይዞን ዓይን ጠረጴዛው ላይ ተተክሎ ቀርቷል።

ከተደረደሩት ስልኮች አንዱ «ጢን» አለ።

ብርሃኑ በራ። ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ አነበበችው። «‹ካሜራዎ ተገናኝቷል።›» መልእክቱን ስትነካው ትንሽ ምስል ተከፈተ፦ የተነጠፈ አልጋ፣ ወንበር ላይ የተንጠለጠለ የነርስ ጋውን፣ ግማሽ የተከፈተ ቁምሳጥን።

ነርሷ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ።

«ይሄ የኔ ክፍል ነው» አለች። ከዚያ ምስሉ ከየት አቅጣጫ እንደተነሳ በዓይኗ ለካችና ጮኸች። «ሰዓቱ! የሰጡኝ ሰዓት! ልብሴን የምቀይረው ፊት ለፊቱ ነው!»

ጋሽ አይዞን ስልኩን ሊነጥቅ እጁን ወረወረ። ያን ጊዜ መዳፉ ለሁሉም ታየ፦ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ ዳር የተሰመረ ቀይ የሰንበር መስመር። ፖሊሱ ሌላኛውንም እጁን ይዞ ገለበጠው። እዚያም ያው ነው።

«እጅህ ላይ ያለው ምንድነው?» አሉ እትዬ።

«የልብስ መስጫው ገመድ ነው እንጂ… አብሬሽ ስዘረጋ።»

«ገመዱን መቼ ነካህ?» የእትዬ ድምፅ ጸጥ ያለ ነበር፤ ከጩኸት ይልቅ አስፈራ። «ቅርጫቱን እንኳ አልያዝክልኝም። ስልክህን ይዘህ ቆመህ ወንድሜን አሰማኸኝ። ከገደልከው በኋላ ድምፁን አሰማኸኝ!»

ቴክኒሻኗ ከዚያች ቅጽበት ወዲያ ሰውየውን በልቧም «እሳቸው» ብላ አታውቅም።

ካቴናው ሲገባ ሰውየው የተናገረው ለማንም አልነበረም፤ ባዶውን ወንበር እያየ ነው። «ልጅቷ የቆረጠችውን እንድትመልሰው ንገራት ብዬ ልለምነው ነው የገባሁት። ያ ነገር ምን እንደሆነ ገብቶት ነበር። ‹ኳሱ ሲያልቅ ለእህቴ እነግራታለሁ› አለኝ። ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ማስተላለፉን ቀጠለ።»

ይዘውት ሲወጡ በር ላይ የተሰበሰበው ሰፈርተኛ ማልቀሱን ትቶ ወደ ጎን ሸሸ። እትዬ አልተከተሉትም። ቁጭ ብለው በተገለበጠ መዳፋቸው ጉልበታቸውን ሲጠርጉ ቆዩ፤ ልክ የማይለቅ ነገር የነካቸው ይመስል።

ኢንስፔክተሯ ቴክኒሻኗን እስከ ግቢው በር ሸኘቻት። «ኮሪደሩ ውስጥ ያስቀመጥኩሽ ሆን ብዬ ነው» አለቻት። «ማን መጥቶ እንደሚያናግርሽ ማየት ነበረብኝ። ፖሊሱ ዘወር ብሎም ሳሎን ባለው መስታወት ያይሽ ነበር። ይህን ያህል ስላስፈራሁሽ ይቅርታ።»

ቴክኒሻኗ ምንም አይደለም ልትል ፈለገች። ግን ምንም አይደለም የሚባል አልነበረም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ነርሷ አንድ ሻንጣ ይዛ ደጁ ላይ ቆማ አገኘቻት። ክፍሉ በፖሊስ ታሽጓል፤ ቢከፈትም አትገባበትም። የእናቷ ከተማ ሩቅ ነው፤ ለዛሬ የሚደርስ መኪና የለም።

«እኔ ጋ ነይ» አለቻት ቴክኒሻኗ። «አንድ ክፍል ናት፣ ግን ፍራሽ አለኝ።»

ታክሲ ተሳፈሩ። ቤት ሲደርሱ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን አየች፣ ጣሪያውን አየች፣ መደርደሪያው ላይ የተቆለሉትን የተፈታቱ ዕቃዎች፣ ሪሞቶች፣ ትንንሽ መብራታቸው ብልጭ የሚል ሳጥኖች አየች። እግሯ አልገባ አላት።

«ቤትሽ ኢንተርኔት አለ?»

«አለ።»

«ዛሬ ብቻ… ታጠፊልኛለሽ?»

ቴክኒሻኗ ማጥፊያውን አልተጫነችም። ገመዱን ከነሶኬቱ ነቅላ፣ ሳጥኑን ከነመብራቱ በፎጣ ጠቅልላ ውጭ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሌሎቹን ብልጭ የሚሉትን ሁሉ አንድ በአንድ ተከትላ ነቀለች። ክፍሉ ውስጥ አንድም የሚበራ ነገር ሲጠፋ፣ ነርሷ ሻንጣዋን አንስታ ገባች።